ተመልካች ሳያየው የቀረ ፊልም

በርቶልድ ባርቶሽ ለዓመታት የደከመበት ባለቀለም ፀረ ጦርነት ፊልም ለሕዝብ ሳይታይ ጠፍቷል። ፊልሙ የተሠራው ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ አውሮፓ ዳግም ልትተላለቅ ስንቅ በምትሰንቅበት፣ በእኛም አርበኛና ገበሬ ላይ የመርዝ ጋዝ በዘነበበት ዘመን። ባርቶሽ ኩባንያም ሠራተኛም አልነበረውም። ቶሮልድ ዲክንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የፊልም ሰው በገንዘብ ደገፈው። ከዚያ የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ፓሪስ ገባ፤ በወረራው ዘመን የፊልሙ ኔጋቲቭ ወደመ። ባርቶሽ ከጦርነቱ በኋላ ስለ ጠፈር ሌላ ፊልም ቢያስብም ከዳር አላደረሰውም። እ.ኤ.አ. በ1968 አረፈ።

ባርቶሽ በሥዕል ፊልም ታሪክ ተራ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 ቦሄሚያ ተወልዶ በርሊን ውስጥ ከሎተ ራይኒገር ጋር ሠርቷል። ራይኒገር ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች ‹‹የልዑል አህመድ ጀብዱዎች›› የተባለውን ረጅም የአኒሜሽን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1926 ለዕይታ ያበቃች ሴት ናት፤ የዚያ ፊልም ባሕርና ማዕበል የባርቶሽ እጅ ያረፈበት ነው። ኋላ ፓሪስ ተሻግሮ ከአንድ ቲያትር ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ‹‹ሐሳብ›› የተባለውን የግማሽ ሰዓት ፊልም ለብቻው ሠራ። ታሪኩ የተወሰደው ከፍራንስ ማሰሬል የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ነው። ሠዓሊው ራሱ ሊያግዝ መጥቶ የሥራውን አድካሚነት ሲያይ ትቶ ሄዷል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። መስታወቶች አንዱ ከሌላው በላይ ይደረደራሉ፤ ሥዕሎቹ በየመስታወቱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሥር መብራት ይበራል። ጭጋግና ጭስ እንዲመስል መስታወቱ ሳሙና ይቀባል። ፊልሙ በካሜራው ውስጥ ወደ ኋላ እየተጠቀለለ በአንዱ ምስል ላይ ሌላው ይነሣበታል፤ አንዳንዱ ትዕይንት እስከ 18 ጊዜ ተደራርቦ ተነሥቷል። አሥራ ስምንተኛው ላይ እጅ ቢያዳልጥ አሥራ ሰባቱም አብረው ይበላሻሉ። በእኔ ግምት ዓመታት በዚህ መልክ አጎንብሶ ለሠራ ሰው የኔጋቲቭ መውደም የንብረት ጥፋት ብቻ አይደለም።

ተዋናይ የሚሠራበት ፊልም ቢጠፋ ተዋናዩ ይኖራል፣ መንገዱም ይኖራል፤ ገንዘብ ከተገኘ እንደገና ይነሣል። የአኒሜሽን ፊልም ግን ከራሱ ውጭ የትም አልነበረም። የገጸ ባሕሪው አካሄድ፣ ዓይኑን የሚሰብርበት አኳኋን፣ ሁሉም ሥዕሉና ሴሉሎይዱ ላይ ብቻ ያለ ነው።

በዓለም የመጀመሪያው ረጅም የአኒሜሽን ፊልም ዛሬ የለም ቢባል ስንቱ ያምናል? ‹‹ሐዋርያው›› ይባላል፤ ኪሪኖ ክሪስቲያኒ የተባለ ጣሊያን ተወልዶ አርጀንቲና ያደገ ወጣት የሠራው ነው። ቦነስ አይረስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1917 ታየ፤ በፕሬዚዳንት ኢሪጎየን ላይ የተሣለ ስላቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የፕሮዲዩሰሩ የፌዴሪኮ ቫዬ ስቱዲዮ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። የዚያ ዘመን ፊልም ከናይትሬት የተሠራ በመሆኑ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ቢያፈሱበትም አይጠፋም። የክሪስቲያኒ ሁለተኛ ፊልም ገና ከመታየቱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ትዕዛዝ ተወረሰ፤ የአርጀንቲና መርከብ በጀርመኖች መስጠሟን ያነሣ ነበርና ዲፕሎማሲውን ያበላሻል ተባለ። ርእሱ ደግሞ ‹‹ያለ ዱካ›› ነው! ሦስተኛውም ፊልሙ ኋላ በእሳት ጠፋ።

የሮማውን ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶልዮ አዲስ አበባ በገባበት በ1928 ዓ.ም ሮም ውስጥ ‹‹የፒኖኪዮ ጀብዱዎች›› የተባለ ረጅም የአኒሜሽን ፊልም ይሠራ ነበር። የጣሊያን የመጀመሪያው ሊሆን ታስቦ ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ዛሬ የቀረው የፊልሙ ጽሑፍና ጥቂት ምስሎች ናቸው። ያ ሁሉ ሠራዊት ባሕር አቋርጦ ሲዘምት የእንጨቱ ልጅ ከሮም መውጣት አልሆነለትም። ዲዝኒ የራሱን ፒኖኪዮ እ.ኤ.አ. በ1940 አወጣና ዓለም የሚያውቀው እሱን ሆነ።

የተረፉትስ እንዴት ተረፉ? የራይኒገር ፊልም ኔጋቲቭ እ.ኤ.አ. በ1945 በበርሊን ጦርነት ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናየው እንግሊዝ አገር ከቀረ አንድ ቅጂ የመጣ ነው። የግብፆቹ የፍሬንክል ወንድማማቾች ‹‹ሚሽ ሚሽ አፈንዲ›› የተባለ ባለ ተርቡሽ ገጸ ባሕሪ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የካይሮን ተመልካች ያስቅ ነበር። ቤተሰቡ ኋላ ወደ ፈረንሳይ ሲሰደድ ጥቅልሉንም ይዞ ሄደ፤ ፊልሞቹ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ከቤቱ ምድር ቤት ወጡ።

ኮምፒውተር መጥቶ ይህ ሁሉ አለፈ የሚል ካለ የ‹‹ቶይ ስቶሪ 2››ን ነገር ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1998 በፒክሳር ኩባንያ አንድ ሰው በስሕተት የማጥፊያ ትዕዛዝ ሰጠ፤ አብዛኛው ፊልም ከሰርቨሩ ተጠረገ። መጠባበቂያው ሲከፈት እሱም የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ያዳነቻቸው ጋሊን ሱስማን ናት። አራስ ስለነበረች ከቤቷ እንድትሠራ ቅጂው ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበረ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና እየተጠነቀቁ ወደ ቢሮ መለሱት። ሀብታሙ ኩባንያ በአንዲት አራስ ቤት ተረፈ።

ወደ እኛ ስንመጣ የአኒሜሽን ታሪካችን ገና ልጅ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›› የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ሲጀምሩ ስቱዲዮአቸው የራሳቸው ሳሎን ነበር፤ በ1999 ዓ.ም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየችው ቀጭኔዋ ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት እስከማግኘት ደረሰች። አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ አሜሪካ የሄደው ዕዝራ ውቤ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። አንድ ሸራ ላይ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ እዚያው ላይ ደርቦ ቀጣዩን ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሠራው ‹‹ሒሳብ›› ሁላችን የምናውቀው ተረት ነው። አህያ፣ ፍየልና ውሻ ተሳፈሩ፤ አህያ ሒሳቧን ስለከፈለች መኪና ቢመጣ ንቅንቅ አትልም፣ ፍየል ሳትከፍል ስለወረደች መኪና ስታይ ትፈረጥጣለች፣ ውሻ መልስ ስላልተሰጠው መኪና ያባርራል። ከኮልፌ አጠና ተራ አስፋልት መሐል የቆመችን አህያ በጡሩምባ ለማስነሣት የሞከረ ሾፌር የተረቱን እውነት ያውቃል። በዚህ አሠራር ግን ሥዕሎቹ አንዱ ሌላውን እየዋጠ ይሄዳል። የሚቀረው ፎቶው ብቻ ነው፤ ፎቶው ከጠፋ ሸራው የሚያሳየው የመጨረሻውን ሥዕል ነው።

ኮልፌ ሰነድ እንዴት እንደሚተርፍ የራሷ ታሪክ አላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ የውትድርና ሥልጠና ሲወስድ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አጫጭር ነገር ያሰፍር ነበር። ያ ደብተር በቀጣዩ ዓመት ደቡብ አፍሪካ፣ ሪቮኒያ ውስጥ በነጮቹ መንግሥት ፖሊስ እጅ ወደቀ፤ በፍርድ ቤትም ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። እንዲያስፈርዱበት የሰበሰቡት ወረቀት የኮልፌን ቀናት አቆየልን። አሳዳጅ ሁልጊዜ እንዲህ በጎ መዝገብ ቤት አይሆንም፤ በባርቶሽ ላይ የሆነውን አይተናል።

ዛሬ ከአየር ጤና እስከ ቤተል፣ ከዓለም ባንክ እስከ 18 ማዞሪያ ቤተሰቡ ሲተኛ ኮምፒውተር ላይ የሚያመሽ ወጣት ሥራው ያለው አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ከባርቶሽ ብዙ አልራቀም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚቃጠለውን፣ ታክሲ ላይ የሚረሳውን፣ ሌባ የሚወስደውን አስቡት። ደግሞ የሚቀመጠው ያለቀለት ፊልም ብቻ መሆን የለበትም። ንድፉ፣ ድምፁ፣ ጽሑፉና ያልተሰካካው ትዕይንት ጭምር ይቀመጥ፤ ከፒኖኪዮ የተረፈው ጽሑፉ መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሠሪዎች ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ሙሉ ቅጂ ሌላ ሰፈር ለሚኖር የምታምኑት ሰው ስጡ፤ ላዩ ላይ ስምና ቀን ጻፉበት፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከፍታችሁ እዩት።