አምስት ላም፣ ሃያ አሳማና አንድ ቤት

የአሜሪካንን የቤት ግብር ምሕረት ታሪክ ስንከታተል መጀመሪያ የሚገጥመን ግብር ሰብሳቢው ሳይሆን አበዳሪው ነው። በ1837 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባንኮች ሲንኮታኮቱ፣ ዕዳ ያጎበጠው ገበሬ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቴክሳስ ይኮበልል ነበር። ቴክሳስ ያን ጊዜ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ናት። ሰው ትፈልጋለች፤ ከሚመጣላት ሰው ብዙው ደግሞ ባለዕዳ ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? ጃንዋሪ 26 ቀን 1839 አበዳሪ የማይነካውን ንብረት በሕግ ዘረዘረች፤ 50 ኤክር መሬት (በእኛ ልክ ግማሽ ጋሻ ያህል) ወይም አንድ የከተማ ቦታ፣ ግምቱ ከ500 ዶላር የማይበልጥ ቤት፣ የሥራ መሣሪያ፣ አምስት የሚታለቡ ላሞች፣ አንድ ጥማድ በሬ ወይም አንድ ፈረስ፣ ሃያ አሳማ፣ የዓመት ቀለብ።

ደስ ይላል። ጥማዱን የተነጠቀ ገበሬ ዕዳውን በምን አርሶ ይከፍላል? እስቲ ግን በዝርዝሩ የሌለውን እንይ። በባርነት የተያዙት ሰዎች የሉበትም። የባለዕዳው አሳማ ከሐራጅ ሲድን፣ እነሱ ለጌታቸው ዕዳ ሊሸጡ ይችሉ ነበር። የ1836ቱ ሕገ መንግሥትም አፍሪቃውያንን፣ ተወላጆቻቸውንና ሕንዶችን ከዜግነት አውጥቷቸዋል። ይህን ሳያነሱ ሕጉን ማወደስ ለእኛ አይዋጥልንም።

ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ግብሩ ላይ የተደረሰው ግን ቆይቶ፣ በ1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበትና ግብሩን መክፈል ያቃተው ሰው ቤቱን ያጣ በነበረበት ዘመን ነው። ቴክሳስ በ1932 ከመኖሪያ ቤት ግምት ላይ 3,000 ዶላር ከግዛቲቱ ግብር ነጻ አደረገች፤ ፍሎሪዳ በ1934 እስከ 5,000 ዶላር። ስሌቱ ለትንሹ ሰው ያደላል፤ 5,000 የሚያወጣ ጎጆ ያለው ምንም አይከፍልም፣ 50,000 የሚያወጣ ቪላ ያለው የሚቀነስለት አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። ምሕረቱም ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ብቻ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ የ1967 ዓ.ም.ን አዋጅና «ትርፍ ቤት» የምትለዋን ቃል ማስታወሱ አይቀርም፤ እዚያ ግን ትርፉ ግብሩን ይከፍላል እንጂ አይወረስም።

የካሊፎርንያው ነገር ሌላ ነው። በ1970ዎቹ የቤት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ግብሩም አብሮ ወጣ። ጡረተኛዋ እንግዲህ የቤቷን ዋጋ አትበላው! በጁን 1978 ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የመሩት «ፕሮፖዚሽን 13» በሕዝብ ድምፅ አለፈ። ግብሩ ከግምቱ 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱ ወደ 1975 እንዲመለስ፣ ቤቱ እስካልተሸጠም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። የጡረተኛዋ ስም እየተጠራ የገባው ሕግ የኩባንያዎችን ሕንጻም አብሮ አዳነ፤ ለነገሩ ሕንጻ አያረጅም፣ አይጦርም። አዲስ ገዢ ደግሞ ከጎረቤቱ እጅግ የበለጠ ይከፍላል። ስቴፋኒ ኖርድሊንገር የምትባል የሎስ አንጀለስ ነዋሪ እንደ እርሷ ዓይነት ቤት ካላቸው ጎረቤቶች ወደ አምስት እጥፍ መክፈሏን ይዛ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች። በ1992 ተረታች፤ ስምንት ዳኞች ለአንድ።

ከሁሉም የሚያሳስበን ተከራዩ ነው። ቴክሳስ ለትምህርት ቤት ከሚከፈለው የቤት ግብር ነጻ የሚሆነውን ግምት በ2023 ከ40,000 ወደ 100,000 ዶላር፣ በ2025 ደግሞ ወደ 140,000 ከፍ አድርጋለች። ዳላስና ሂዩስተን ቤት የገዙ ወገኖቻችን ቅጹን ሞልተው ለግምት መሥሪያ ቤቱ ማቅረብ ነው የሚጠበቅባቸው። ከአጠገባቸው አፓርትማ ተከራይቶ፣ የአከራዩን ግብር በወር ኪራዩ ውስጥ ለሚከፍለው ግን የሚሞላ ቅጽ የለም።