የአይሮፕላን ፍጥነት ወሰንና የክንፍ መርገብገብ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለምን መቈርቈር የጀመሩት በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እየጠፋ በመሄዱ ነበር። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ፈጥኖ ስለ በቀለ ዋና ከተማውን የማዛወሩ አሳብ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንጻ የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ ዓለም ሲደርስ ያው ባሕር ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ያያል። ዛፉ ዘንበል ይላል፤ ደግሞም ይመለሳል፤ ነፋሱ ሲያርፍ እርሱም ያርፋል።

የአይሮፕላን ክንፍም እንዲሁ እንዲለመጥ ሆኖ የተሠራ ነው። በመስኮት የሚመለከት መንገደኛ የክንፉ ጫፍ ከፍ ዝቅ ሲል ቢያይ ሊደነግጥ አይገባውም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ራሱን እያበረታ የሚሄደው መርገብገብ ነው። በዚህ ጽሑፋችን የዚህን አደጋ ታሪክና ስለ እርሱ የተደነገገውን የፍጥነት ወሰን ምክንያት ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክንፍ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፤ አንደኛው ወደ ላይና ወደ ታች መለመጥ፣ ሁለተኛው እንደሚጨመቅ ልብስ መጠምዘዝ ነው። ክንፉ ሲጠመዘዝ ነፋሱን የሚገጥምበት አቅጣጫ ስለሚለወጥ የሚያነሣው ኀይልም አብሮ ይለወጣል። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ሲሆን አየሩ ራሱ እንቅስቃሴውን ያበርደዋል። ፍጥነቱ አንድ ወሰን ሲያልፍ ግን ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ይጣመራሉ፤ ክንፉ ሲወጣ አየሩ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲወርድም ወደ ታች ይጨምርበታል። ዥዋዥዌ የሚጫወተውን ልጅ በየምላሹ ቢገፉት ከፍታው እየጨመረ እንደሚሄድ ማለት ነው። ሁኔታው ሲከፋ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ክንፍ ሊገነጠል ይችላል።

ይህን ጠባይ የሰው ልጅ የተማረው በመከራ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1916 ሃንድሊ ፔጅ የተባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ጅራቱ በብርቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሊቃውንት ቢመረምሩት በጅራቱ ቀኝና ግራ ያሉት መሪ ሰሌዳዎች እርስ በርሳቸው በጽኑ ስላልተያያዙ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርድ ኖሮ፣ ሁለቱን በጠንካራ ዘንግ በማያያዝ ችግሩን አስወገዱት። ነፋስ የሚፈታተነው አይሮፕላንን ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር የታኮማን ድልድይ ጥቅምት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. እጅግ ኀይለኛ ያልሆነ ነፋስ እየጠመዘዘ አፍርሶታል፤ ድልድዩ ከተመረቀ ገና አራት ወር ከጥቂት ቀን ነበረው።

ለመንግሥት ሠራተኞች ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው ግን የኤሌክትራ ታሪክ ነው። ይህ ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን በሎክሂድ ኩባንያ የተሠራ ነበር። መስከረም 18 ቀን 1952 ዓ.ም. አንዱ በቴክሳስ ላይ በበረራ ሳለ ተሰባብሮ 34 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 8 ቀን ደግሞ ሌላው በኢንዲያና ወድቆ 63 ሰዎች አለቁ። ሕዝቡ አይሮፕላኖቹ ሁሉ ከበረራ ይታገዱ እያለ ጮኸ። የአቪዬሽን ባለሥልጣን አለቃ የነበሩት ኤልውድ ኬሳዳ ግን አላገዱም፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ225 ኖት፣ ማለት ከ417 ኪሎ ሜትር ያህል እንዳያልፍ አዘዙ።

ምርመራው ሲፈጸም ምስጢሩ ተገለጠ። ሞተሩን ከክንፉ ጋር የሚያያይዘው ማሠሪያ ሲጐዳ ፕሮፔለሩ ሊወድቅ እንደ ቀረበ እንዝርት ይዋዥቃል፤ መዋዠቁም ከክንፉ እንቅስቃሴ ጋር ሲገጣጠም ክንፉን ይገነጥለዋል። የሞተሩ መያዣና ክንፉ ከተጠናከሩ በኋላ በ1953 ዓ.ም. ገደቡ ተነሣ፤ አይሮፕላኑም ብዙ ዘመን አገለገለ። የኬሳዳ ውሳኔ እስካሁን ያከራክራል። ሌላ አይሮፕላን ወድቆ ቢሆን ኖሮ ታሪክ ምን ይላቸው ነበር? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የፍጥነት ወሰን፣ ሲከበር፣ በዕውቀትና በጥፋት መካከል የቆመ አጥር መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

በአገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደረሰ፤ አብራሪውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። በ1928 ዓ.ም. በአገራችን ተሠርታ በጠላት የተወሰደችው «ፀሐይ» የተባለች አይሮፕላንም ጥር 2016 ዓ.ም. ከኢጣልያ ተመልሳለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. የጄት አይሮፕላን ባለቤት ሆነ።

የፍጥነት ወሰን ጕዳይ በደጋማው አገራችን የተለየ ክብደት አለው። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በአምቦ አቅጣጫ የሚገኘው የወንጪ ተራራም ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። በ4,500 ሜትር ከፍታ ላይ መለኪያው 200 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 250 ያህል ነው። መርገብገብን የሚያስነሣው ደግሞ በብዙው እውነተኛው ፍጥነት ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ ደኅና የሆነው ቍጥር በተራራ ላይ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ለብዙ አይሮፕላኖች የተፈቀደው ፍጥነት ከከፍታ ጋር እየቀነሰ እንዲሄድ ተደርጓል።

በትናንሽ አይሮፕላኖች መለኪያ ላይ አረንጓዴው የዘወትር ፍጥነት፣ ቢጫው የጥንቃቄ፣ ቀዩ መስመር የክልከላ ምልክት ነው። ከቀዩ መስመር ባሻገርም መሐንዲሱ ትርፍ ይተዋል፤ ዛሬ የትላልቅ መንገደኛ አይሮፕላኖች ደንብ ከከፍተኛው የቍልቍለት ፍጥነት በላይ 15 በመቶ እስኪደርስ ድረስ መርገብገብ እንዳይነሣ ያስገድዳል። ይህ ትርፍ ግን ለደፋር አብራሪ የተሰጠ ርስት አይደለም፤ ለማናውቀው ነገር የተቀመጠ መያዣ ነው። የተላላ ማጠፊያ፣ ሚዛኑ ሳይመረመር የተቀባ መሪ ሰሌዳ፣ በውስጡ የተጠራቀመ ውሃ፣ እያንዳንዱ ከዚያ ትርፍ ይቀንሳል።

እንግዲህ የወሰኑ ጠባቂ አብራሪው ብቻ አይደለም። ቀለም ከተቀባ በኋላ ሰሌዳውን የሚመዝነው መካኒክ፣ ጥገናውን በመዝገብ የሚጽፈው ጸሐፊ፣ መዝገቡን ሳያነብ የማይፈርመው ሹም ሁሉ ጠባቂዎች ናቸው። ስለዚህ የማናየውን መንገደኛ ሕይወት የያዘውን መዝገብ ስንፈርም ተጠንቅቀን እንፈርም።