ደንቡ ያላሰበው ጥያቄ፤ የሚና ጨዋታ አመጣጥ

ሰንጠረዥ ወይም ገበጣ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ሦስተኛ ሰው አያስፈልጋቸውም። ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል፣ ጠጠሩ ወዴት እንደሚዞር ደንቡ አስቀድሞ ወስኖታል፤ ደንቡ ያልፈቀደው ነገር በገበታው ላይ ከቶ ሊደረግ አይችልም። ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ወዲህ በብዙ አገሮች የተስፋፋው «የሚና ጨዋታ» ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የአንድ ምናባዊ ሰው፣ የተዋጊ ወይም የአስማተኛ፣ ሚና ይይዛል። ከመካከላቸው አንዱ መሪ ሆኖ ያሉበትን ዋሻና የገጠማቸውን አደጋ በቃል ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ምን ለማድረግ እንዳሰቡ ይመልሱለታል። ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ የሚባለው የዕጣ ድንጋይ ይጣላል፤ ደንቡ ዝም ባለበት ስፍራ ደግሞ መሪው ይፈርዳል።

ይህ ጨዋታ ከተረት ዓለም የተወለደ ይመስላል። የዘር ሐረጉ ሲመረመር ግን የሚያደርሰው ወደ ጦር ሠራዊት መኮንኖች ጠረጴዛ ነው። በታሪኩም ውስጥ በመመሪያና በስሌት የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፤ ይኸውም የተጻፈው ደንብ የት ላይ ያበቃል፣ የሰው ፍርድስ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1812 ዓ.ም. ጌዖርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩስያ ባለሥልጣን ለንጉሡ ለፍሬድሪክ ዊልሄልም ሣልሳዊ አንድ ትልቅ የእንጨት ጠረጴዛ አቀረበ። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ኮረብታ፣ ወንዝ፣ መንደርና መንገድ የሚያሳዩ ቁራጮች ነበሩ፤ እነዚህን በመገጣጠም የፈለጉትን የጦር ሜዳ መሥራት ይቻል ነበር። የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ የአባቱን ሥራ አሻሽሎ በ1824 ዓ.ም. ደንቡን አሳተመ። ጨዋታው ልኬቱ 1 ለ 8000 በሆነ ካርታ ላይ የሚደረግ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተራ የሁለት ደቂቃ ውጊያን ይወክላል። የተኩስ ጉዳት የሚሰላው ከመሣሪያ ሙከራ በተገኙ ሠንጠረዦች ነው፤ በጦር ሜዳ የማይቀረውን አጋጣሚ ደግሞ ዳይስ ይወክላል።

ከሁሉም የሚበልጠው አዲስ ነገር ዳኛው ነው። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ እርሱም ውጤቱን አስልቶ ለእያንዳንዱ ወገን ወታደሮቹ ሊያዩት የሚችሉትን ብቻ ያሳያል። የጠቅላይ መምሪያው አዛዥ ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን ሲያይ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ በፍጻሜው ግን ለመላው ሠራዊት እንዲታደል ድጋፉን ሰጠ። የፈጠራው ባለቤት ግን ዕድሜ አላገኘም። ከበርሊን ርቆ ከተመደበ በኋላ በ1827 ዓ.ም. የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

ደንቡ በተሻሻለ ቁጥር እየከበደ ሄደ። ዳኛው ለአንዲት የሁለት ደቂቃ ውጊያ ሠንጠረዥ ሲያገላብጥ ተጫዋቾቹ ይሰለቹ ጀመር። ስለዚህ በ1876 ዓ.ም. ዩሊየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው መኮንን ሠንጠረዡና ዳይሱ ቀርተው ልምድ ያለው ዳኛ በዕውቀቱ ብቻ እንዲፈርድ ሐሳብ አቀረበ። ጨዋታው በእርግጥ ፈጠነ፤ ሆኖም ሌላ ችግር ተከተለ። ሠንጠረዥ አያዳላም፤ ሰው ግን ያዳላል። ዳኛው ብቁ ካልሆነ፣ የተሸነፈው መኮንን በሽንፈቱ የሚማረው ነገር የለም።

ከፕሩስያ ድል በኋላ የጦርነት ጨዋታ ወደ ሌሎች ሠራዊቶች ተዛመተ። በአሜሪካም የመቶ አለቃ ቻርልስ ቶተን በ1880 ዓ.ም. «ስትራቴጎስ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከዘመናት በኋላ በሚኒሶታ ዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዴቪድ ዌስሊ እጅ ገባ። ዌስሊ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች በትናንሽ የወታደር ቅርጾች ከሚጫወቱ ወጣቶች አንዱ ነበር። ከመጽሐፉ የወሰደውም ተጫዋቹ ማናቸውንም ነገር ለመሞከር ይችላል፤ የሚሆነውን የሚወስነው ዳኛው ነው የሚለውን ሐሳብ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ዌስሊ ብራውንሽታይን በተባለች ምናባዊ የጀርመን ከተማ ላይ ጨዋታ አዘጋጀ። ሁለት ጦር ወደ ከተማዋ ይገሠግሣል። ተጫዋቾቹ ብዙ ስለ ነበሩ ግን ለአንዱ የከንቲባነት፣ ለሌላው የባንክ ባለቤትነት፣ ለሌላው የዩኒቨርስቲ ኃላፊነት ሚና ሰጣቸው። ተጫዋቾቹ ተራቸውን መጠበቅ ትተው በየጥጉ ይዶልቱ ጀመር፤ ሁለቱ ተጣልተው አንድ ለአንድ ሊፋለሙ መፈለጋቸውን ነገሩት። ለዚህ ደንብ አልነበረውም፤ እዚያው ቆሞ ፈጠረ። የታሰበው ውጊያ ሳይደረግ ምሽቱ አለቀ። ዌስሊ ሥራው የከሸፈ መስሎት አዘነ፤ ተጫዋቾቹ ግን እንዲደግምላቸው ለመኑት።

ከተጫዋቾቹ አንዱ የታሪክ ተማሪ የነበረው ዴቭ አርነሰን ነው። አርነሰን በ1971 ዓ.ም. ከተማዋን ትቶ «ብላክሙር» የተባለ የተረት ምድር ፈጠረ፤ ጓደኞቹንም በግንብ ሥር ወዳለ ዋሻ አስገባቸው። የአንድ ምሽት የነበረው ጨዋታ ከሳምንት ሳምንት የሚቀጥል ሆነ፤ ከአደጋ የተረፈ ገጸ ባሕርይም በልምዱ እያደገ ይሄድ ጀመር። በ1972 ዓ.ም. መገባደጃ ወደ ሌክ ጄኔቫ፣ ዊስኮንሲን፣ ሄዶ ጨዋታውን ለጋሪ ጋይጋክስ አሳየው። ጋይጋክስ በ1970 ዓ.ም. ከኢንሹራንስ ሥራው ተሰናብቶ በቤቱ ጫማ እየጠገነ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር።

አርነሰን ጨዋታውን በቃል የሚመራ እንጂ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። የላከው ማስታወሻ ወደ ሃያ ገጽ የሚጠጋ ሲሆን፣ ጋይጋክስ አስፋፍቶ መጽሐፍ አደረገው። አሳታሚ ባለማግኘቱም ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር ድርጅት አቋቁሞ በ1974 ዓ.ም. «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ»ን አወጣ። ሦስት ትናንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ ዋጋው 10 ዶላር፣ ብዛቱ 1000 ቅጂ ነበር። ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 12ና ባለ 20 ገጽ ዳይሶቹ መጀመሪያ የተገዙት ከትምህርት መርጃ ሻጭ ነው።

መጻሕፍቱ ብዙ ነገር ሳይወስኑ ያልፉ ነበርና ክፍተቱን አንባቢው በራሱ ምናብ እንዲሞላ ይጋብዙት ነበር። ሆኖም የጥያቄ ደብዳቤዎች ጎረፉ፤ በየከተማውም ጨዋታው መልኩን ለወጠ። ጋይጋክስ ከ1977 እስከ 1979 ዓ.ም. ባወጣቸው ሰፋፊ መጻሕፍት አንድ ወጥ ደንብ ለማስፈን ጣረ። በፕሩስያ የታየው ክርክር ከመቶ ዓመት በኋላ በዊስኮንሲን ተደገመ ማለት ነው።

በዚያው በ1979 ዓ.ም. አርነሰን የፈጣሪነት መብቱን ለማስከበር ክስ መሠረተ፤ ነገሩም በ1981 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ጋይጋክስ በ2008፣ አርነሰን በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። የማን ድርሻ ይበልጣል የሚለው ሙግት ግን ዛሬም አልበረደም። በጠረጴዛው ላይ ጨዋታውን ሕያው ያደረገው አርነሰን ነው፤ ሆኖም ያለ ጋይጋክስ ጽሑፍ ከጓደኞቹ ክበብ ባልወጣ ነበር። ጋይጋክስም ቢሆን ያላየውን ነገር ሊጽፍ አይችልም ነበር።

ከሁለቱ ጀርባ ደግሞ ዌስሊ አለ። ደንብ የሌለው ጥያቄ በቀረበለት በዚያ ምሽት «አይቻልም» ብሎ መጽሐፉን ቢዘጋ ማንም ባልወቀሰው ነበር። እርሱ ግን ጥያቄውን ሰማ፤ የሚመስለውን ፍርድ ሰጠ፤ ውድቀት መስሎት ወደ ቤቱ የሄደበት ሥራም ለሌሎች መሠረት ሆነ።