አልነሳ ያለው ሎኮሞቲቭ

እናላችሁ... ባቡሩ አልሄድ አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ክረምት ላይ። የአክስቴ ልጅ ያረጀ ላፕቶፑን «ለጽሁፍ ይሆንሻል» ብሎ ሲሰጠኝ ውስጡ አንድ ጌም ሳያጠፋ ረስቶ ኖሯል። «ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር» ይላል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ባቡር ሲባል የሚታየኝ ለገሃር የቆመው አሮጌ ህንጻና ስታዲየም ጋ ከአናቴ በላይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ነው። እስቲ ልሞክረው ብዬ ከዝርዝሩ ውስጥ መልኩ ያማረኝን አንድ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ መረጥኩና ኃይሉን እስከ ጥግ ለቀቅኩት። ዝም! ጥሩምባው ይጮኻል፣ መብራቱ ይበራል፣ ባቡሩ ግን ንቅንቅ የለም።

ስልክ ደወልኩ።

«ማርሹን ወደፊት አስገብተሻል?» አለኝ። አላስገባሁም ነበር። አስገባሁ። ዝም።

«ፍሬኑንስ ለቀሻል?» ለቀቅኩ። ዝም።

«ፓንቶግራፉን አንስተሻል?»

«ምንድነው ደግሞ እሱ?»

«ጣሪያው ላይ ያለው፣ ከሽቦው መብራት የሚስበው ክንድ ነዋ! ‹ፒ›ን ተጫኚ።»

ተጫንኩ። ክንዱ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ባቡሩም ተንፏቀቀ። እኔም እንደ ህጻን ጮኽኩ።

ደስታዬ እስከ ማግስቱ ብቻ ነበር። በማግስቱ ሌላ ሎኮሞቲቭ መረጥኩ፤ ጌሙ መጫን ጀመረ፣ ግማሽ ደረሰ፣ ከዚያ ያለ አንዳች ቃል ተዘግቶ ዴስክቶፑ ላይ አፈጠጥኩ። ደገምኩት፤ ያው። የአክስቴ ልጅ ይሄኛው «ጭማሪ» መሆኑን ነገረኝ፤ ማለትም ከጌሙ ጋር የመጣ ሳይሆን አንድ የማናውቀው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሰራውና ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያስቀመጠው። «ጭማሪ ከሆነ መጠገን አለብሽ» አለኝ። ጌም እንዴት ይጠገናል? ጋዜጠኝነት ተምሮ ስራ ፈት መሆን እንዲህ ያለ ጣጣ አለው፤ ጥያቄውን ይዤ ታሪኩ ውስጥ ገባሁ። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ እንዳትሳሳቱ።)

ጌሙን የሰራው ኩጁ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው፤ ለገበያ ያወጣው ደግሞ ማይክሮሶፍት፣ በ2001። ስድስት መስመሮች ነበሩት። ከእንግሊዝ ሴትል–ካርላይል፣ ከኦስትሪያ ኢንስብሩክ–ሳንክት አንቶን፣ ከጃፓን ሂሳትሱና ከቶኪዮ ወደ ሃኮኔ የሚወስደው ኦዳክዩ፣ ከአሜሪካ የማራያስ ፓስ ተራራና ከፊላደልፊያ ዋሽንግተን ያለው መስመር። ሎኮሞቲቮቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፖላንዳዊው የፖላንድን፣ ሩሲያዊው የሩሲያን፣ እንግሊዛዊው ልጅ ሆኖ በሰፈሩ ሲያልፍ ያየውን ባቡር ይፈልጋል። ያንን ማን ሰርቶ ይስጠው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ኩጁዎች የሎኮሞቲቩን ጠባይ የጻፉት ማንም ሊከፍተው በሚችል ተራ የጽሁፍ ፋይል ነው። ክብደቱ ይሄን ያህል ቶን፣ የመጎተት ጉልበቱ ይሄን ያህል፣ የፍሬኑ ዓይነት ይሄ፣ ጋቢናው እዚህ ፎልደር ውስጥ፣ ድምጹ እዚያ... ብሎ በመስመር በመስመር ይዘረዝራል። ፕሮግራመር መሆን አያሻም፤ ማንበብ የሚችል ሰው ከፍቶ ያስተካክለዋል። የሎኮሞቲቩን መልክ መስራት ሌላ ሙያ ነው፤ ጠባዩን መቀየር ግን ለሁሉም የተከፈተ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጭማሪዎቹ ከዋናዎቹ በብዙ እጥፍ በለጡ።

ማይክሮሶፍት ግን ነገሩን ተወው። በ2003 ሁለተኛው እትም ሊወጣ ነው ብሎ አስታወቀ፤ በ2004 ሰረዘው። በ2007 ደግሞ የበረራ ሲሙሌተሩን የሚሰራው ኤሲስ ስቱዲዮ እየሰራው ነው ተባለ፤ በጃንዋሪ 2009 ስቱዲዮው ራሱ ተዘጋ። ኩጁ በበኩሉ በ2007 «ሬይል ሲሙሌተር» የሚባል ሌላ ጌም አወጣ፤ ከዶቭቴል ጌምስ የባቡር ጌሞች አንዱ ከዚያ ዘር ነው። አውስትራሊያኖቹም ከ2001 ጀምሮ «ትሬንዝ» የሚባል የራሳቸው ነበራቸው። የድሮውን ጌም የያዙት ሰዎች ግን የትም አልሄዱም። ሎኮሞቲቮቻቸው እዚያ ናቸዋ!

ወደ ተዘጋብኝ ባቡር ልመለስ። ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ስከፍተው የጋቢናው ቦታ ላይ የራሱ ጋቢና የለም፤ «ከዚህ ፎልደር ወጥተህ እዚያኛው ሎኮሞቲቭ ቤት ግባና የሱን ጋቢና ተጠቀም» የሚል አድራሻ ነው የተጻፈው። ጎረቤት ሄዶ ሙቀጫ እንደመዋስ በሉት። ለምን እንዲህ ተደረገ? በ2001ና በ2002 አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚጠቀመው በስልክ መስመር ነበር። የጋቢና ፎቶዎችና ድምጾች ከባድ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ከጌሙ ጋር የመጣው ሎኮሞቲቭ ስላለው የሱን መዋስ ዳውንሎዱን ያቀለዋል። (በ«ዲያል አፕ» ዘመን አንድ ፎቶ እስኪወርድ ቡና ተፈልቶ ያልቅ ነበር የሚሉን ታላላቆቻችን ይመስክሩ።) ችግሩ የሚመጣው ጎረቤቱ ሲለቅ ነው። የአክስቴ ልጅ ቦታ ጠቦት ዋናዎቹን ሎኮሞቲቮች አጥፍቷቸዋል! አበዳሪው የለም፣ ተበዳሪው ጋቢናውን ፍለጋ ሄዶ ባዶ ቤት ያገኛል፣ ጌሙም ምን እንደጎደለው ሳይናገር ይዘጋል።

አድራሻውን ካለኝ ሌላ ጋቢና ጋር አገናኘሁና ፋይሉን አስቀመጥኩ። ይባስ ብሎ እምቢ አለ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ጌሙ እነዚህን ፋይሎች የሚያነበው በዩኒኮድ ሲቀመጡ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳላይ በሌላ ዓይነት አስቀምጬዋለሁ። ፓወር ግዕዝ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የአማርኛ ጽሁፍ ከፍታችሁ «ይሄ ምን ጉድ ነው» ያላችሁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ጌሙ ከዚያ በሁለት ዓመት ያንሳል። እኔ ግን በዚህ ዘመን ተቀምጬ ያንኑ ስህተት ሰራሁ። ሌላው ወጥመድ ቅንፍ ነው፤ የተከፈተ ሁሉ መዘጋት አለበት፣ አንድ ከጎደለ አለቀ።

የሁሉም ቁንጮ ግን ሌላ ነው። ጎማው ሃዲዱን የሚቆነጥጥበትን አቅም የሚወስነው መስመር ላይ የእንግሊዝኛው ቃል በስህተት ነው የተጻፈው፤ የማይገባ «ኤ» የምትባል ፊደል መሃሉ ላይ ተሰንቅራለች። ስህተቱ የጌሙ ሰሪዎች ነው። እኔም እንደ አራሚ ቶሎ ብዬ አስተካከልኳታ! ጌሙ የሚያውቀው ግን የተሳሳተውን ብቻ ስለሆነ መስመሩን ጨርሶ አላየውም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተሰራ ጭማሪ ሁሉ ያቺን ስህተት ተሸክሟል። በኋላ ጌሙን የተካው ፕሮግራም እንኳ አላረማትም፤ ቢያርማት የድሮዎቹን ማንበብ አይችልማ።

ከመክፈቱ ወደ መንዳቱ ስንሄድ ደግሞ የውሸት ጉልበት የሚባል ነገር አለ። ብዙ ሰሪዎች የሎኮሞቲቩን መልክ ለወራት ሲለፉበት ይቆዩና ጠባዩን ከሌላ ሎኮሞቲቭ ፋይል ይገለብጡታል። አንዲት ሚጢጢ ሎኮሞቲቭ የአሜሪካ ጭነት ባቡር ጉልበት ይኖራታል። እንዴት ይታወቃል? ብረት በብረት ላይ ሲቆም፣ ሃዲዱ ደረቅ ከሆነ፣ መቆንጠጥ የሚችለው ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። 120 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ሃዲዱን የሚጫነው በ1,180 ኪሎኒውተን ገደማ ነው፤ ሲሶው 390 ያህል ይሆናል። ፋይሉ ላይ 900 ተጽፎ ካያችሁ ሰውየው ገልብጧል። ዝናብ ከዘነበ ከሲሶውም ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ነጂው ኃይሉን ቀነስ አድርጎ ሃዲዱ ላይ አሸዋ ይረጫል። በጌሙ «ኤክስ» ናት። አሸዋ ባቡር ላይ እንዳለ እኔ የሰማሁት ያኔ ነው፤ እናንተስ?

ፍሬኑም እንዲሁ ትምህርት ነው። እኔ አየሩ ሲገባ ፍሬን የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። ተቃራኒው ነው። ዌስቲንግሃውስ በ1872 ባወጣው አሰራር ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ በሚሄደው ቧንቧ ውስጥ አየር ሲሞላ ፍሬኑ ይለቃል፤ አየሩ ሲቀንስ ይይዛል። ባቡሩ መሃል ላይ ቢበጠስ አየሩ ስለሚወጣ ሁለቱም ግማሽ በራሱ ይቆማል። አውሮፓ ውስጥ ቧንቧው 5 ባር ይይዛል። እንግሊዞች ግን ለረጅም ዘመን በቫኪዩም ነበር የሚሰሩት፤ አየሩን በማስገባት ሳይሆን በመምጠጥ። ስለዚህ የድሮ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ አውርዳችሁ ከአሜሪካ ፉርጎ ጋር ከቀጠላችሁ ሎኮሞቲቩ የሚያዘውን ፉርጎው አይሰማም። ቁልቁለት ላይ ባቡር አልቆም ሲል እኔ መጀመሪያ የማየው የፍሬናቸው ዓይነት አንድ መሆኑን ነው። አልነሳ ሲል ደግሞ የግፊት መለኪያውን። ረጅም የጭነት ባቡር ከሆነ እስከ ጭራው አየር እስኪሞላ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ተበላሸ የተባለው ሎኮሞቲቭ ብዙ ጊዜ እየሞላ ያለ ሎኮሞቲቭ ነው።

የምወደው መንገድ ሴትል–ካርላይል ነው፤ ሎኮሞቲቩ ፍላይንግ ስኮትስማን። በ1923 ዶንካስተር የተሰራ፣ በ1934 በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር መሮጡ የተመሰከረለት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ እያለ 356 ሜትር ላይ ወዳለው አይስ ጊል ይወጣል። እንጦጦን የወጣ ሰው «ይሄም ዳገት ሆኖ?» ይላል። ንዱትና እዩ! እንፋሎቱን እንደልብ ከለቀቃችሁት ቦይለሩ ከሚያፈላው በላይ ይበላል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ውሃ ከጨመራችሁ ቀዝቃዛው ውሃ ግፊቱን ጭራሽ ያወርደዋል፤ ካልጨመራችሁ ውሃው ያልቃል። ፍጥነት ሲገኝ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን እንፋሎት ማሳጠር፣ ከዳገቱ በፊት ቦይለሩን መሙላት፣ እሳቱን ቀድሞ ማዘጋጀት... ሶስት ጊዜ ዳገቱ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ሎኮሞቲቩ ምንም አልሆነም፣ ብልሽቱ ነጂዋ ናት።

ይሄን ሁሉ ችግር ለዓመታት የተሸከሙት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። የጎደለ ፋይል ፈልጎ የሚነግር «ሩት ራይተር» የሚባል ፕሮግራም ሰሩ፤ ከማይክሮሶፍት ደጅ ያልወጣ «ቢን» የሚባል ፓች አወጡ። በ2009 ደግሞ፣ ስቱዲዮው በተዘጋበት በዚያው ዓመት፣ ከተለያየ አገር የተሰባሰቡ ፈቃደኞች «ኦፕን ሬይልስ»ን ጀመሩ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ የድሮውን ጌም ሎኮሞቲቮችና መስመሮች እንዳሉ ያነባል። የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2015 ወጣ። ለኔ ትልቁ ነገሩ ግን ሲከፋው መናገሩ ነው፤ የትኛው ፋይል እንደጎደለ፣ የትኛው መስመር እንዳልገባው ዴስክቶፕ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። ያኛው ዝም ብሎ ነበር የሚሞተው።

አንድ የሚከነክነኝ ጉዳይ አለ። ከየሎኮሞቲቩ ጋር «ሪድ ሚ» የሚል ወረቀት ቢጤ ይመጣል። ከኦፊሴላዊ ታሪክ ይልቅ እነሱን ማንበብ እመርጣለሁ፤ ሰውየው ሎኮሞቲቩን የት እንዳየው፣ ቁጥሩን ከየት እንዳገኘ፣ ማን እንዳገዘው ይነግራችኋል። መጨረሻው ላይ ብዙዎቹ «በነጻ ነው፤ ያለፈቃዴ ግን ቀይራችሁ እንዳታሰራጩ» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ የሰው ልፋት ነው። ግን ባለቤቱ ከጠፋስ? ያስቀመጠበት ድረ ገጽ ከተዘጋስ? በሜይ 2009 አቭሲም የተባለው የበረራ ሲሙሌተር ድረ ገጽ ተጠልፎ ከ1996 ጀምሮ የተጠራቀመው ነገር ከሁለቱም ሰርቨሮቹ ላይ ተደምስሷል፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂም አልነበረውም። የሚተላለፍ ነገር እንዲቀመጥ መጠገን አለበት፣ እንዳይጠገን ደግሞ ባለቤቱ ከልክሏል።

ኦፕን ሬይልሶች ለዚህ አንድ ዘዴ አበጅተዋል። በሎኮሞቲቩ ፎልደር ውስጥ «ኦፕን ሬይልስ» የሚል ትንሽ ፎልደር ትከፍታላችሁ፤ እዚያ ውስጥ «ዋናውን ፋይል እንዳለ አንብብ፣ ከዚያ ይቺን ይቺን ብቻ በኔ ተካ» የሚል አጭር ፋይል ታስቀምጣላችሁ። የሰውየውን ስራ ማንም አልነካውም፤ ጥገናው ከጎኑ ነው የቆመው። ለሌላ ሰው ስታካፍሉም የምትሰጡት ያቺን የራሳችሁን ወረቀት ብቻ ነው።

የተዘጋብኝን ሎኮሞቲቭ የጠገንኩት እንደዚያ ነው። አዲስ ጋቢና፣ የተስተካከለ ጉልበት፣ ትክክለኛ ፍሬን፤ በጠቅላላው 11 መስመር። ሪድ ሚው ላይ «ስህተት ካገኛችሁ ጻፉልኝ» የሚል ኢሜይል ነበር። ጻፍኩለት፤ ሎኮሞቲቩ እንደሚሄድ፣ ምን እንደቀየርኩ፣ ካልፈቀደ እንደማላሰራጨው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ «እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» የሚል መልስ መጣ። አስራ አንዱ መስመር ትንሿ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የሱ ፋይል እሱ እንዳስቀመጠው አለ፣ ከነ«ኤ»ዋ።