ከምርኮ ካምፕ የተጻፈው የስኮትላንድ ተራሮች መጽሐፍ

የስኮትላንድ ተራሮች ከፍታቸው ብዙ የሚባል አይደለም። ከሁሉም የሚበልጠው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። ሆኖም በቀዝቃዛዎቹ ወራት በረዶና ውሽንፍር ሲበረታ፣ እነርሱን መውጣት ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ዊሊያም መሬይ በቤን ኔቪስና በግሌንኮ ሸለቆ ገደሎች ላይ ስሙን የተከለው በእነዚሁ ወራት በመውጣት ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታኒያ ጦር መኮንን ሆኖ የዘመተው መሬይ፣ እአአ በ1942 በሰሜን አፍሪካ በረሃ በጀርመን ጦር ተማረከ። ሦስት ዓመት ገደማ በጣልያን፣ በቼኮዝሎቫኪያና በጀርመን የምርኮኞች ካምፖች አሳለፈ። እዚያም የወጣቸውን ተራሮች እያስታወሰ በመጸዳጃ ቤት ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረ።

የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ግን ረቂቁን ነጠቀው። ረኃብ አካሉን አዳክሞት፣ ዳግም ተራራ ለመውጣት መብቃቱ አጠራጣሪ በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ መሬይ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ እንደ አዲስ ጻፈው።

‘ማውንቴኒሪንግ ኢን ስኮትላንድ’ የተሰኘው ይህ ሥራ በ1947 ለኅትመት በቃ። ደራሲውም ወደ ተራሮቹ ተመለሰ። በ1951 የኤቨረስትን መውጫ ባጠናው የብሪታኒያ ቡድን ውስጥ ነበር፤ ቡድኑ ያጠናው አቅጣጫም ከሁለት ዓመት በኋላ የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተራራውን ጫፍ የረገጠበት መንገድ ሆነ።