ዓሣን በጦርና በቀስት ስለ መውጋት፤ ከግሼ ወንዞች እስከ ጣና

ራቤል የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከግሼና ከመንዝ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወደ ወንጪት ይገባል፤ ወንጪትም ከጀማ ጋራ ይገናኛል፤ ጀማ ደግሞ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) «ሰምና ወርቅ» በሚለው መጽሐፉ መንዝን ሲገልጽ፥ አገሩ በሦስት ወገን በወንዝ የታጠረ መሆኑን አመልክቶአል፤ በደቡብ ሞፈር፥ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፥ በሰሜን ቀጨኔ ናቸው። በወንጪትና በጀማ ባለ ቅርፊት ዓሣም አምባዛም ይገኛል። ጦር እንደ ሆነ ጠመንጃ ከመብዛቱ በፊት ከደገኛው ወታደር እጅ ተለይቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ ሳለ የመንዝና የግሼ ሰው በታሪክ የታወቀው በገበሬነቱና በወታደርነቱ ነው እንጂ በዓሣ አጥማጅነቱ አይደለም። ወንዙ፥ ዓሣውና ጦሩ በአንድ አገር ተገናኝተው ሳሉ ዓሣን በጦር የመውጋት ሙያ ስለ ምን አልተቋቋመም? ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

«ደገኛ ዓሣ አይወድም» የሚለው የተለመደ መልስ አያረካንም። አለመውደድ ራሱ ምክንያት የሚፈለግለት ነገር ነውና። በመጀመሪያ መታየት ያለበት መሣሪያው ነው።

የጦር ሜዳ ጦር ስለቱ እንደ ቅጠል ሰፋ ብሎ የተሠራ ነው፤ በቀላሉ ይገባል፥ በቀላሉም ይወጣል። ለሰልፍ መልካም የሆነው ይህ ጠባይ ለዓሣ ከንቱ ነው፤ የተወጋው ዓሣ ተንሸራትቶ ያመልጣልና። የዓሣ ጦር ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜም ጫፉ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይሠራል። ቀስት የሚጠቀም ሰው እንደ ሆነ ፍላጻውን በረጅም ሲባጎ አስሮ ይወረውራል፤ ውኃ የፍላጻን ኀይል ፈጥኖ ስለሚሰብር ግን ከጥልቅ ቦታ ሊደርስ አይችልም። በአማዞን ወንዞች ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች በቀስት ዓሣ በመውጋት የታወቁ ናቸው፤ የእኛ ደጋ ወታደር መሣሪያ ግን ጦርና ጋሻ እንጂ ቀስት አልነበረም። ስለዚህ ከሁለቱ መንገድ አንደኛው ከመጀመሪያውም ዝግ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከመሣሪያው ቀጥሎ ዓይን ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር ዓሣው ካለበት ቦታ ከፍ ብሎ ይታያል። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን ዓሣ ከላይ ቀጥ ብሎ የሚያይ ሰው ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ይመስለዋል፤ በስላች ሲያይም ስሕተቱ ይብሳል። እንግዲህ ጀማሪ የሚማረው የመጀመሪያው ትምህርት ከሚታየው በታች ማነጣጠር ነው። ፀሐይ የውኃውን ፊት እንዳታንጸባርቅበት መቆምን፥ ጥላውንም በዓሣው ላይ እንዳይጥል መጠንቀቅን እያደር ይለምደዋል። ይህ በአንድ ቀን የሚገኝ ሙያ አይደለም፤ ከውኃ ዳር ውሎ ማደርን ይጠይቃል።

የራቤል ደገኛ ግን ከውኃ ዳር አያድርም። ወንጪት የሚፈስሰው በጥልቅ ሸለቆ፥ በቆላ፥ ወባ ባለበት አገር ነው፤ የወረደ ሰው ጉዳዩን ፈጽሞ ወደ ደጋው ለመመለስ ይቸኩላል። በክረምት ወንዙ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ስለሚደፈርስ ዓይን አንድ ስንዝር እንኳ ዘልቆ አያይም። ውኃው ጠርቶ፥ ዓሣውም በየኩሬው ተወስኖ የሚገኘው በበጋ ብቻ ነው።

በበጋው ኩሬም ቢሆን ሌላ እንቅፋት አለ፤ ይህንንም ከሌሎቹ አስበልጠን እንመለከተዋለን። ጥልቀት በሌለው ውኃ ለጦር የሚመቸው ዓሣ አምባዛ ነው። አየር መተንፈስ ስለሚችል ሌላው ዓሣ በሚሞትበት በጐደለ ኩሬ ውስጥ ይቈያል፤ ከጭቃው ላይ ተኝቶ ይገኛል፤ ለመተንፈስም ወደ ላይ ብቅ ይላል። ነገር ግን አምባዛ ቅርፊት የለውም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት እንዳይበላ ስለሚከለክል፥ ይህን ሥርዓት የሚጠብቀው ክርስቲያን ደገኛ አምባዛን ይጸየፈዋል። ለጦር የቀረበው ዓሣ ከገበታ የራቀ ሆነ ማለት ነው። ባለ ቅርፊቱ ግን ፈጣንና ድንጉጥ ስለ ሆነ ልምድ የሌለው ሰው አይወጋውም።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የታወቀው ዘዴ ጦር ሳይሆን ብርብራ ነው። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ በተገደበ ውኃ ላይ ሲበተን፥ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ዓሣው አየር እንዳይጠቀም ይከለክለዋል፤ ዓሣውም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ይህ ዓይንም ልምድም አይጠይቅም፤ በአንድ ቀን ወርዶ ለሚመለስ ሰው የተመቸ ነው። ጦር የመረጠውን አንዱን ሲወጋ፥ ብርብራ ግን ጫጩቱን ሳይቀር ይፈጃል።

የወንጪትን ውኃ ተከትለን በዓባይ ብንወርድ ነገሩ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። አርኬል በ1944ና በ1945 በካርቱም ባደረገው ቍፋሮ፥ ከሰባት ሺህ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ከአጥንት የተሠሩ ባለ ጥርስ የጦር ጫፎች ተገኝተዋል። እንዲህ ያሉ ጫፎች በቱርካና ሐይቅ ዙሪያም ወጥተዋል። በግብፅ ሰቃራ፥ በቲ መቃብር ግድግዳ ላይ፥ ጉማሬ ገመድ ባለው ጦር ሲወጋ ተሥሎ ይታያል፤ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2400 ገደማ ነው። በጤቤስ ባለው በሜና መቃብር ደግሞ ባለቤቱ ሁለት ዓሣ በአንድ ጊዜ ወግቶ ቆሞአል። በዚያ አገር መኰንን ዓሣ ወጊ ሆኖ መሣሉን እንደ ክብር ቈጥሮታል።

በምዕራብ ወገን የባሮን አገር ብንመለከት፥ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ በበጋ ውኃው ሲጐድልና ዓሣው በኩሬና በግድብ ሲወሰን ሕዝቡ በጦር ይወጋል። እዚያ ጦሩን የሚይዘው የከብት ጌታ ራሱ ነው፤ በዚህም አይዋረድም።

በእኛ ደጋ ግን ክብርና ውኃ ተለያይተዋል። ለዚህ ዋናው ምስክር የጣና ነገደ ወይጦ ነው። ወይጦዎች ጉማሬን በጦር እየወጉ፥ ዓሣ እያጠመዱ፥ ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ዓይኑም ልምዱም ጦሩም ነበራቸው። ጎረቤታቸው ግን የጉማሬ ሥጋ በላተኞች ናቸው ብሎ አብሮአቸው አይበላም፥ አይጋባቸውምም ነበር። የውኃ አደን የተናቀ ወገን ሥራ ተደርጎ በተቈጠረበት አገር፥ ጦሩን የማዕረጉ ምልክት ያደረገ ደገኛ ከኩሬ ዳር ጐንበስ ብሎ አምባዛ ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። በእኛ አስተያየት፥ ሸለቆውና ድፍርሱ ውኃ ሙያውን አስቸጋሪ አደረጉት፤ እንዳይጀመር የከለከለው ግን ይህ ንቀት ነው።

ንቀቱ ሙያውን ከያዙትም ላይ አልቀረም። ጉማሬው እየተመናመነ ሲሄድ አደኑ ቀረ፤ ፍሬድ ጋምስት በ1979 ባሳተመው ጥናት ወይጦዎች ከአደን ወደ ግብርና መዞራቸውን ጽፎአል። ከ1986 ጀምሮም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። ቋንቋቸው ግን ከሁሉ ቀድሞ ጠፍቶ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ በደረሰ ጊዜ ከሌላው ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ሰማ፤ ንጉሡ ያስመጡለት ሁለት ወይጦዎች ግን እንሰቅላችኋለን ቢባሉም አንድ ቃል አልመለሱለትም (እንዲህ ባለ አጠያየቅ ምን መልስ ይጠበቅ ነበር?)። ሚትቮህ በ1907 ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ግሪዮል በ1928 ባለፈ ጊዜ አንድ ወይጦ በጠፋው ቋንቋ ዘፈነለት፤ ዘፋኙ ራሱ የዘፈኑን ትርጕም አያውቅም ነበር። ከዚያ ቋንቋ በአፋቸው የቀሩት ጥቂት ቃላት የጉማሬ አካል ክፍሎች ስሞች ነበሩ።