ጅግጅጋን የጻፉ ሰዎች ስንት ጊዜ ተጠቀሱ?

ወዳጆቼ፣ ይህ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጅግጅጋ ከተማ ታሪክ በቁም ነገር መሥራት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ሊያነበው የሚገባ አንድ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ አለ። ጥበበ እሸቴ በ1988 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ነው፤ የከተማዋን ታሪክ ከ1891 እስከ 1974 ይተርካል። ይኸው ሰው በ1991 ከ1942 እስከ 1960 ስለነበረው የኦጋዴን የፖለቲካ ችግር፣ በ1994 ደግሞ ኦጋዴን ከ1887 እስከ 1935 በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ስለገባበት ሂደት በጆርናል ጽፏል። በ2009 ስለ ኢትዮጵያ የወንጌላውያን እንቅስቃሴ መጽሐፍ አሳተመ።

ከነዚህ ውስጥ ለጅግጅጋ ልጅ የትኛው ይበልጥበታል? የመጀመሪያው ነዋ! የሚቆጥረው ማሽን ግን እንደዚያ አያይም። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚመዘግቡት በዋናነት ጆርናልና መጽሐፍ ነው፤ የማስተርስ ጽሑፍ በነሱ ዘንድ ቤት የለውም። ጎግል ስኮላር ትንሽ ይሻላል፣ አንዳንዱን ይለቅማል፣ አንዳንዱን ይተዋል።

ይህን ያነሳሁት በመምህርነት ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። «መምህር፣ ኤች-ኢንዴክሴ 2 ነው፣ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ልክ የደም ግፊት እንደሚነግሩኝ! እና መጀመሪያ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው መጽሐፍ ከመግዛት ነው። በ1927 ግሮስ እና ግሮስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በካሊፎርኒያው ፖሞና ኮሌጅ ሆነው አንድ የኬሚስትሪ ጆርናል ላይ በኅዳግ የተጠቀሱትን ጆርናሎች አንድ በአንድ ቆጠሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ገንዘቡ ትንሽ የሆነ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የትኞቹን ጆርናሎች ይግዛ? ሰው አልመዘኑም።

ከዚያ ዩጂን ጋርፊልድ መጣ። በ1955 የሳይንስ ጽሑፎችን «ማን ማንን ጠቀሰ» በሚል መንገድ መፈለግ ይቻላል የሚል ሐሳብ አወጣ። ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ጠበቆች ነው። ጠበቆቹ ከ1873 ጀምሮ «ሼፐርድስ» የሚባል መዝገብ ነበራቸው። አንድ የፍርድ ውሳኔ በኋላ ማን እንደጠቀሰው ያሳያል። እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። የጠበቆቹ መዝገብ ውሳኔው መጠቀሱን ብቻ አይናገርም፤ ጸንቶ ይሁን ተሽሮ በምልክት ያስቀምጣል። ጠበቃ የተሻረ ውሳኔ ይዞ ችሎት ፊት ቢቀርብ ጉድ ፈላ። ጋርፊልድ ዘዴውን ወደ ሳይንስ ሲያመጣ ያ ምልክት ቀረ። ቁጥሩ ብቻ ተሻገረ።

ይህ ምን እንደሚያመጣ ከኛው አካባቢ ልጥቀስ። የእንግሊዙ አንትሮፖሎጂስት ሉዊስ በ1961 ስለ ሰሜን ሶማሊ አርብቶ አደሮች ያሳተመው መጽሐፍ የሶማሊ ጥናት በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ከሚጠቅሱት ብዙዎቹ የሚጠቅሱት ሊሞግቱት ነው። አብዲ እስማኤል ሰማተር በ1992 ሁሉን ነገር በጎሳ መተንተን ስህተት ነው ብሎ ሲጽፍ ዒላማው ይኸው አስተሳሰብ ነበር። በቆጠራው ግን ሙግትም ምስጋናም እኩል አንድ አንድ ነው።

የጋርፊልድ የመጀመሪያው ማውጫ የ1961ን ሥራዎች የሸፈነ ሲሆን 613 ጆርናሎችና 1.4 ሚሊዮን ሳይቴሽኖች ነበሩበት። የተፈጥሮ ሳይንስ ማውጫ ነው፤ ታሪክ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ የሚባል ነገር አይጠበቅበትም ነበር። መፈለጊያ የነበረው መዝገብ ቀስ በቀስ መመዘኛ ሆነ፤ መጀመሪያ ለጆርናሎች፣ በኋላ ለሰዎች። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች-ኢንዴክስን አመጣ። 10 ጽሑፍ ካለህና ከነሱ 4ቱ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ ከተጠቀሱ፣ አምስተኛው ግን 5 ካልሞላ፣ ቁጥርህ 4 ነው። በቃ ይኸው ነው። በዚህ ስሌት ዕድሜውን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ብቻ ጽፎ ሺህ ጊዜ የተጠቀሰ ሰው ቁጥሩ 1 ነው።

ወደ ስም ልምጣ፤ ለኛ ሰው ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

ሉዊስ የቤተሰብ ስም ነው፤ ማሽኑ አይሳሳትበትም። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ባሕሩ ዘውዴ በ1991 ስለ ዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ የጻፉትን መጽሐፍ አንዱ ጸሐፊ «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ ይጠቅሳል፣ ሌላው «ዘውዴ፣ ባ.» ይላል። ከ1963 ጀምሮ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል የኢትዮጵያውያንን ስም በራሳቸው ስም ነው የሚያስቀምጠው፤ ትክክለኛውም ይኸው ነው። በፈረንጁ ደንብ ሲሄድ ግን ምስጋናው ለአባት ይገባል! «ወልደ»፣ «ገብረ»፣ «ኃይለ» የሚሉ ስሞች ሲገቡበት ደግሞ አንዱ ሰው ለሦስት ይከፈላል፤ የተጠቀሰበትም ቁጥር አብሮ ይከፋፈላል።

የሶማሊ ምሁር ይብስበታል። እሱም የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው የሚጠራው። ሶማሊኛ ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የ«ዐ» ድምፅ በሲ ፊደል፣ የ«ሐ» ድምፅ በኤክስ ተወከለ። ስለዚህ ዐብዲ የሚባል ሰው በሶማሊኛ ሲጽፍ ስሙ በሲ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ በኤ። ሙሐመድማ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው እናንተው ቁጠሩት። «ሙሐመድ አብዲ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው ሰው ብዛት የገበያ ቀን ይመስላል። አገሬው ይህን ችግር ድሮ ፈቶታል፤ ሰውን በቅጽል ስሙ ይለየዋል። ማሽኑ ግን ቅጽል ስም አያውቅም። የከተማዋ ስም ራሱ ጣጣ አለው። የጣሊያኑ ሰነድ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ የእንግሊዙ በሌላ፣ የኛ ጽሑፎች ደግሞ አንዴ በአንድ ጄ አንዴ በሁለት ይጽፉታል።

ዘመን አቆጣጠሩንም አትርሱ። በ1985 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ በ1991 የወጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቢጠቅስ፣ በማሽኑ ዓይን ገና ያልተወለደ መጽሐፍ ጠቀሰ ማለት ነው። እኛ አናስቅም ወይ?

እንግዲህ መጠቀስ የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። አንጄየቭስኪና ሉዊስ በ1964 ስለ ሶማሊ ግጥም ባሳተሙት መጽሐፍ እንደመዘገቡት፣ የሰው ገበይ የሚያሰማ ሰው የገጣሚውን ስም መናገር አለበት፤ ቃሉንም አይለውጥም። የሰውን ግጥም የራሱ አስመስሎ ያሰማ ይዋረዳል። የቅኔ ቤቱም መምህሩን ሳይጠራ አይሄድም። ከዚህ ጋር ሪቻርድ በርተንን አስተያዩት። በርተን ከዘይላ ተነስቶ በጥር 1855 ሐረር ሲገባ ከጅግጅጋ ወገን ያለውን ሰፊ የሣር ሜዳ አቋርጦ ነው፤ መጽሐፉ በ1856 ወጣ፣ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል። መንገድ የመሩት፣ ቋንቋ ያስተረጎሙለት፣ የጎሳውን ነገር የነገሩት ሰዎች ግን በአብዛኛው እሱ ባወጣላቸው ቅጽል ስም ነው የቀሩት፤ አንዱ «ረጅሙ ጉሌድ»፣ አንዱ «የዓለም መጨረሻ»። ምግብ ያበስሉ የነበሩትን ሁለት ሴቶች ከሺህ ከአንድ ሌሊት ተረት ስም አውጥቶ ሸህራዛድና ዲናርዛድ አላቸው። ዕውቀቱ የማን ነበር? የተቆጠረውስ ለማን?

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ። ከ1988 ጀምሮ ከሐርገይሳ የሸሸው ሕዝብ ሐርቲሼክ ላይ ሲሰፍር፣ በኋላም ቀብሪ በያህ ላይ ካምፕ ሲከፈት፣ ስለ ስደተኛው ብዙ ተጽፏል። ተርጓሚውና መረጃ ሰብሳቢው የአካባቢው ልጅ ነው፤ የሚያገኘው መግቢያው ላይ አንድ መስመር ምስጋና ነው። ምስጋና ደግሞ አይቆጠርም።

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ከተከፈተ ወዲህ እዚያው የሚያስተምሩ ልጆች አሉን። ለማዕረግ ዕድገት በታወቀ ጆርናል የወጣ ጽሑፍ ይጠየቃሉ። መጠየቁ ክፋት የለውም። እኔ ቁጥር ጠላት አይደለሁም፤ በዝምድናና በትውውቅ ከሚሰጥ ማዕረግ ቁጥር ይሻላል። ግን ምን እየሆነ እንደሆነ አያለሁ። አንድ ጎበዝ ልጅ የአውበሬን ሽማግሌዎች ሦስት ዓመት ቢያነጋግር በቁጥሩ ምንም አይጨምርም፤ ሌላው ገንዘብ ከፍሎ በሁለት ሳምንት በሚያትም ጆርናል አምስት ያወጣል። ሽማግሌዎቹ እስኪጠብቁት ድረስ አይቆዩም። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተጠነሰሰው መግለጫና በ2015 በላይደን ስም የወጣው መግለጫ ይህን ነግረዋል። የላይደኑማ ለአካባቢው የሚጠቅም ጥናት እንዲጠበቅ ለይቶ ይጠይቃል፤ በአገር ቋንቋ የሚጻፈውን ጨምሮ። የዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ እባካችሁ አውጥታችሁ አንብቡት፤ አጭር ነው።

እስከዚያው ስማችሁን ጠብቁ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ በምን ፊደል እንደጻፋችሁት እስከ መጨረሻው በዚያው ሂዱ። ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ቁጥር አውጡ፤ ነፃ ነው፣ «ሙሐመድ አብዲ» የሆናችሁማ ዛሬውኑ።

አንድ ልመናም አለኝ። ስለ ጅግጅጋ፣ ቀብሪ በያህ፣ አውበሬ፣ ቶጎ ውጫሌ ወይም ሐርቲሼክ የተጻፈ የቢኤም ሆነ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ በእጃችሁ ያለ ወይም ያያችሁ፣ የጸሐፊውን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ርዕሱን፣ ዓመቱንና በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከታች አስቀምጡልኝ። በሶማሊኛም ይሁን በአማርኛ።